አራት ጀሪካን ውሃ

አባቴን ከጅቡቲ መንገድ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰዎች ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። «ኧረ ባክሽ፣ ባቡሩ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ!» ይሉኛል። ባቡሩማ ምን ያውቃል? በተዘረጋለት ሐዲድ ይሄዳል፣ በቃ። ጭነቱን ከመኪና አንስቶ ባቡር ላይ የሚያደርገው ሰው ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የምሠራው ኦሎምፒያ ነው፤ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ። ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር በምን ተጭኖ አዲስ አበባ እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። ድሮ መልሱ አንድ ነበር፤ መኪና። ሚሌ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ አዋሽ ላይ ሹፌሩ ታመመ፣ ድንበር ላይ ወረቀት ጠፋ እየተባለ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ እጮኻለሁ። መጮህ እችልበታለሁ። ቢሮ ውስጥ «እሳቷ» ይሉኛል። ከጀርባዬ ደግሞ ሌላም ይሉኛል፣ አውቃለሁ።

ባቡሩ ሥራ ሲጀምር «ጭነታችን ከመኪና ወደ ባቡር ቢዞር ያዋጣል ወይ? አጥኚ» ተባልኩ። አጠናሁ። ይፈጥናል፣ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ጫት አይቅምም ብዬ ጻፍኩ። አንድም ውሸት አልጻፍኩም፤ ዛሬም ቢሆን ባቡሩን አልረግምም። ጥናቱን ሳቀርብ ግን ከአለቆቼ አንዱ ፊቱን አጨማደደብኝ። እልህ ያዘኝና ያላሰብኩበትን ታሪክ ተናገርኩ። ከሚሌ ወዲያ ባለው በረሃ አንድ ሹፌር ስለገጨው ልጅ ነገርኳቸው። ልጁ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከሚያልፉ መኪናዎች ውሃ ሊለምን ነበር አስፋልት ዳር የወጣው። «ያ ጭነት በባቡር መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነበር» አልኩ። ከዚያ አጨበጨቡልኝ።

ሹፌሩ አባቴ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ነገሩ የሆነው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። አባቴ ልጁን ገጭቶ አልሸሸም። መሪውን ለቆ ወረደና ልጁን አቅፎ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ታሰረ። ሽማግሌ ገባ፣ የሚካሰው ተካሰ፣ እርቅ ወረደ። በእርቁ ቀን የልጁ እናት በአስተርጓሚ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ሲነግረን ድምፁ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። «ልጄ የወጣው ውሃ ሊያመጣልኝ ነበር። ውሃው አልመጣም። ከእንግዲህ አንተ አምጣ» አለችው።

አመጣ። እኔ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ እስክይዝ ድረስ፣ በሄደ ቁጥር አራት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ከጋቢናው ጀርባ አስሮ ነው የሚወጣው። ቦሌ ሚካኤል ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት ይጠፋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኛ ፊታችንን ሳንታጠብ ለበረሃ ይወሰዳል! የአንዷ አማቴ ሳያንሰኝ ሁለተኛ አመጣልኝ!» እያለች ታጉረመርማለች። እያጉረመረመች ደግሞ ጀሪካኖቹን የምትሞላው ራሷ ናት።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። ሴትየዋ ስልክ የላትም። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ከአስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ግራር ሥር ትደረድራቸዋለች፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በገመድ አያይዛ ድንጋይ ታስርባቸዋለች። አባቴ ሙሉዎቹን ያስቀምጥና ባዶዎቹን ይወስዳል። ክላክሱን ሰምታ ከደረሰች ይጨባበጣሉ፣ ካልደረሰችም ውሃውን የሚነካባት የለም። ጀሪካኖቹ እዚያ ካሉ እሷ አለች ማለት ነው።

አንድ ጊዜ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንደጨረስኩ፣ ይዞኝ ሄዷል። ረጅም ቀጭን ሴት ናት። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝና አንድ ነገር አለች። አባቴ በዚያ ሁሉ ዓመት ቋንቋዋን ለምዶት ነበር። «ይቺም የእኔ ናት አለችሽ» አለኝ። እሷ እሱን ልጄ ትለዋለች፣ እሱ እሷን እናቴ ይላታል፤ በዕድሜ ቢበላለጡ አሥር ዓመት ነው። እውነቴን ነው፣ ያኔ ቀንቻለሁ።

ባቡሩ ኮንቴይነሮቹን የወሰደበትና የአባቴ ዓይን በስኳር በሽታ የደከመበት ጊዜ ተገጣጠመ። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ በምርመራው ወደቀ። መኪናውን ቡልቡላ አንድ ግቢ ውስጥ አቆመና መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል፣ ቢያንስ ይቀየመኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ይሁን፣ ዕድሜ ለባቡር፣ ወገቤም አረፈ» አለ። ቆይቶ ግን፣ «ውሃውስ?» አለኝ።

«እኔ አለሁ አይደል አባዬ? ሹፌሮቹን ሁሉ የማውቃቸው እኔ!»

«በአደራ ነው የምሰጥሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው ልጄ» አለኝ።

እሺ አልኩ። እንዴት ቀላል ቃል ነው!

የአባቴ የረጅም ጊዜ ባልንጀራ የሆነ፣ ሆደ ትልቅ፣ ሳቁ ሦስተኛ ቤት የሚሰማ ሹፌር ነበር። ወደ ባቡር ያላዞርናቸውን ጥቂት የብረት ጭነቶች ለእሱ እንሰጠው ስለነበር መንገዱን አልለቀቀም። አደራውን ነገርኩት። «ሚካኤልን! የእሱ እናት የእኔም እናት ናት» አለኝ። እውነትም ወሰደ። ባዶዎቹን ጀሪካኖች እያመጣ በራችን ላይ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮችን አንድ ጠባይ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባም። ለሹፌር አደራ ይሰጣል፦ መድኃኒት፣ ደብዳቤ፣ የሙሽራ ልብስ። አንዴ ከተሰጠ ግን አይጠየቅም። «አደረስከው?» ብሎ መጠየቅ «ሌባ ነህ?» ከማለት አይለይም። በዚያ መንገድ አደራ በላ የተባለ ሰው በረሃ መሀል ቢበላሽበት የሚያቆምለት የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ያደርሳል፣ ሁሉም ስለሚያደርስ ማንም አይጠይቅም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አደራ አድርሷል፣ አንድም ቀን ተጠይቆ አያውቅም። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት። ለአንድ ቀን ለዘገየ ኮንቴይነር ጣሪያ እስኪሰነጠቅ የምጮኸው ሴትዮ፣ ስለ ውሃው ትንፍሽ አልልም። ነውር ነዋ!

በዓመቱ ሁለተኛ ዙር መጣ። ብረቱም ወደ ባቡር ይዙር ተባለ፤ አዞርኩት። ስፈርም የባለ ትልቁ ሆድ መኪና ትዝ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። ትዝ ብሎኛል። «ሌላ ጭነት አያጣም» ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደወለልኝ፤ አልከፋበትም። «እኔ ወደ ጅማ መስመር ዞሬያለሁ ልጄ፣ ስለ አደራው ግን አታስቢ፣ ለታማኝ ሰው አስተላልፌዋለሁ፣ ጀሪካኑንም ከራሱ ቤት ይሞላል» አለኝ። «ለማን?» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ያን ሰሞን ስልኬ እረፍት አልነበረውም። ጭነት ያጡ ሹፌሮች ይደውላሉ፦ «እህቴ፣ አንድ ነገር ካለ»፣ «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ»። መጀመሪያ መጀመሪያ አጽናናቸው ነበር። በኋላ ታከተኝ። «ሄሎ እህቴ፣ እኔ...» ሲል፣ «ጭነት የለም!» ብዬ ጆሮው ላይ እዘጋለሁ። ባቡሩን እኔ የሠራሁት ይመስል ሁሉም እኔ ላይ መጡ ብዬ ለቢሮ ጓደኞቼ አማርር ነበር።

አባቴም አይጠይቀኝም። ዙሪያውን ነው የሚሄደው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ይዞ፣ «መንገዱ ሰላም ነው አሉ?» ይላል። ሰላም ነው እላለሁ። «ያ አገር ዘንድሮ ዝናብ ቀረበት ሲሉ ሰማሁ» ይላል። አንድ እሑድ፣ ከሥራ ብስጭቴ ጋር ተደራርቦ፣ «አባዬ ደግሞ! ይሄኔ ቧንቧ ገብቶላቸው ይሆናል፣ አንተ እዚህ ሆነህ ትቃጠላለህ!» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ክንዴን ለቀቀና ግድግዳውን እየዳበሰ ብቻውን ገባ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የሹፌሮቹ ጽዋ ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ስለሆነ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል፣ እንግዶቹ ዓይናቸውን እያሹ ነው የገቡት። ዳቦው ተባርኮ፣ ጽዋው ዞሮ፣ የነፍስ አባታችን ተሸኝተው ከሄዱ በኋላ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። እንደሚናገር አልነገረኝም።

«ወንድሞቼ» አለ፣ «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ውሃዬን እያደረሳችሁልኝ ነው። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ ነውር ነው። ግን ጉልበታችሁን ልስም። እኔን ከገሃነም ያወጣኝ ያ ውሃ ነው።»

ባለ ትልቁ ሆድ በደስታ ተነሥቶ፣ «ኧረ ምን በወጣህ! መሳም ካለብህ እሱን ነው፣ እኔ ከዞርኩ ወዲህ የያዘው እሱ ነው» ብሎ በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ወደ አደረገ ቀጭን ሰው ጠቆመ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ወደዚያ ተራመደ። ሰውየው ግን አልተነሣም።

«እኔ...» አለ። «እኔ እኮ መኪናዬን ሸጥኩ። አሁን በሰው መኪና ቦሌ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ነው የማመላልሰው።»

«መቼ?» አለ ባለ ትልቁ ሆድ።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል።

«አደራውንስ?» አለ አባቴ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ።

ሰውየው አባቴን ትቶ እኔን አየ። «ለባለቤቱ ልመልስ ብዬ ደውዬ ነበር። ለእሷ። 'እህቴ፣ እኔ' ስል 'ጭነት የለም' ብላ ዘጋችብኝ። ሁለተኛ ደወልኩ፣ አላነሣችም። እዚህ መጥቼ አደራህን ጣልኩ ልል ደግሞ አፈርኩ ጋሼ። ከስሬ ከስሬ ከመኪናም ከሰውም የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አፈርኩ።»

ክው አልኩ። ስንቱን ዘግቼ የትኛው እሱ እንደነበር እንኳ አላውቅም። ከፋሲካ እስከ ኅዳር! ያ የበረሃ ሐሩር በሙሉ። ባለ ትልቁ ሆድ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። አባቴ እጁን አጠፈና፣ «ነገ እንሄዳለን» አለኝ። እንሂድ ወይ አላለም።

በእኔ ቪትዝ ሄድን። የኋላውን ወንበር አጥፈን አራት አዳዲስ ጀሪካን ሞላን፤ መኪናዋ ኋላዋን ጥላ እንደ እርጉዝ ፍየል ትሄዳለች። አዋሽ አድረን በማግሥቱ ቀጠልን። የጭነት መኪና ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በልጅነቴ ያየሁት ያ ተከታትሎ የሚሄድ ሰልፍ የለም። ሹፌር ይበላባቸው የነበሩ ቤቶች ቆርቆሯቸው ተነቅሏል። እነዚህን ቤቶች ጥናቴ ውስጥ አልጻፍኳቸውም፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ትዝ አላሉኝም።

አባቴ አያይም፣ መንገዱን ግን በወገቡ ያውቀዋል። ሚሌን አልፈን ስንሄድ፣ «አሁን ወደ ግራ ይጠመዘዛል... አሁን ድልድይ አለ... ቀስ በይ፣ ደርሰናል» ይለኛል። ግራሯን አየኋት። ሥሯ አራት ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«አሉ?» አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል።

«አሉ አባዬ!» አልኩ፣ ጮኼ።

«ካሉማ አለች! ተመስገን! ክላክስ ምቺ፣ ምቺ!»

መታሁ። የቪትዟ ክላክስ እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሰማል? ደግሜ ደጋግሜ መታሁ። ቀርቤ ሳያቸው ጀሪካኖቹ ቢጫ አይደሉም። ፀሐይ መጥጦ አጥንት አስመስሏቸዋል። አባቴን ልይዘው ስል እሱ ቀድሞኝ ጎንበስ ብሎ የአንዱን እጀታ ጨበጠ። እጀታው እጁ ላይ ተፈረካከሰ። ፕላስቲክ በዚያ ፀሐይ እንዲህ እስኪሆን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ለአባቴ መንገር አያስፈልግም። ስብርባሪውን በጣቱ እያሸ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ክላክስ ምቺ አላለኝም።

በሞተር ሳይክል የሚያልፍ አንድ ጎልማሳ አቆመልን። አባቴን አወቀው። «የውሃው ሰውዬ!» አለ፣ በሚንተባተብ አማርኛ። ወርዶ የአባቴን እጅ ይዞ ነገረን። ኩሬው ደርቆ ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ሲሄድ እሷ እምቢ አለች። ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ መጥቶ ሲያጣኝ ይደነግጣል አለች። በየጥቂት ቀኑ እየተመለሱ ለምነዋታል። ሌሎች መኪናዎች ቆመው ውሃ ሲሰጧት በኩባያ ትጠጣለች፣ ጀሪካኖቹን ግን ማንም እንዲሞላቸው አትፈቅድም። የልጄ ናቸው ትላለች። ሰኔ ላይ መጥተው ግራሯ ሥር ተቀምጣ አገኟት፣ ጀርባዋን ለግንዱ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ።

«ውሃ ብቻ አይደለም» አለ ሰውየው፣ አባቴን አይቶ አንጀቱ ሳይበላው አልቀረም፤ «ታማም ነበር። አርጅታለች።»

መቃብሯ ሩቅ አልነበረም። የድንጋይ ክምር ነው፣ አጠገቡ ትንሽዬ የድንጋይ ክምር አለ፤ የልጁ። አባቴ በሁለቱ መሀል ተቀመጠ። አለቀሰ ብል ይቀለኝ ነበር፤ አላለቀሰም። ፀሐዩ ሲበረታበት ሰውየው ደግፎ አነሣው። ውሃውን ለሰውየው ልጆች ሰጠነው። የተፈረካከሱትን ጀሪካኖች አባቴ እዚያው ተዪአቸው አለኝ።

ስንመለስ መሪውን ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምነዳው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ልጇን አንተ ገጨህ፣ እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ብርጭቆ ስሰብር «አይዞሽ፣ ብርጭቆው ነው»፣ ፈተና ስወድቅ «አይዞሽ፣ አስተማሪው ነው»፣ ከሥራው ሳወርደው «ዕድሜ ለባቡር» ያለ ሰው ነው። ጠበቅኩት። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ የፕላስቲኩ ብናኝ ጣቶቹ ላይ አለ።

«ድልድዩን አለፍነው?» አለኝ።

«አለፍነው።»

«ቀስ እያልሽ ንጂ» አለኝ። አንቺ አይደለሽም አላለኝም። እስከ ዛሬ አላለኝም።